ሊኒየር አልጀብራ (የሒሳብ ኮርስ) ላይ ሲ ውጤት ይዤ የዳታና የፖሊሲ ማስተርስ ላመልክት?

ሰላም ለሁላችሁ። ኢኮኖሚክስ ተምሬ አንድ መሥሪያ ቤት ሪፖርት ስጽፍ 4 ዓመት ሆነኝ። ሥራዬ በአብዛኛው ከየወረዳው የሚላክ ኤክሴል ማጽዳት ነው። የአንድ ወረዳ ስም በ3 ዓይነት አጻጻፍ ይመጣል፤ እሱን ሳስተካክል ቀኑ ይመሻል። ሰለቸኝ!

የዳታ ሳይንስና የሕዝብ ፖሊሲ ማስተርስ መማር አምሮኛል። ዓይኔ ያረፈው ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ፣ ጆርጅታውንና በርሊን ያለው ኸርቲ ስኩል ላይ ነው። የቺካጎው ከኮምፒውተር ሳይንስ ክፍል ጋር በጋራ የሚሰጥ ስለሆነ ያጓጓኛል፤ ያስፈራኛልም።

ስታታ የሚባለውን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር እችላለሁ። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ግን ገና ጀማሪ ነኝ። ሊኒየር አልጀብራዬ ደግሞ ያው ሲ ነው። ማታ ማታ እ.ኤ.አ. የ2016ቱን የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዳታ ይዤ እለማመዳለሁ። አንዴ የናሙናውን ክብደት (እያንዳንዱ መላሽ በስሌቱ ውስጥ የሚኖረውን ድርሻ) ረስቼ፣ ያወጣሁት ቁጥር ከታተመው ሪፖርት ጋር አልገጥም ብሎ 2 ሳምንት አቃጠለኝ።

ይህን ስህተት ማመልከቻ ደብዳቤዬ ላይ ልጻፈው ወይስ ያስገምተኛል? ሲዋንስ የኦንላይን ኮርስ ሰርተፊኬት ያካክሳታል? በዚህ ያለፋችሁ፣ በተለይ ስኮላርሺፕ ያገኛችሁ፣ እባካችሁ ጠቆም አድርጉኝ።