ጥሬ ቡና ወደ ጃፓን፦ የፀረ ተባይ ቅሪት፣ ጆንያ እና ኤልሲ

የይርጋለም ቡና፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር የታጠበ ሲዳማ ግሬድ 2፣ 320 ጆንያ በ60 ኪሎ፣ ኤፍኦቢ ጅቡቲ (ላኪው ጅቡቲ መርከብ ላይ እስኪጫን ድረስ ኃላፊ በሚሆንበት ስምምነት) ወደ ጃፓኑ ኮቤ ወደብ ለመላክ ውል እየተነጋገርን ነው። ገዢው በኤልሲ (የተስማማንባቸው ሰነዶች ሲቀርቡለት ባንክ በሚከፍልበት የዋስትና ደብዳቤ) ለመክፈል ተስማምቷል፤ ሆኖም የፀረ ተባይ ቅሪት ምርመራ ውጤትና ጆንያው አዲስ ስለመሆኑ ማረጋገጫ ጠየቀ። ቡናው ኬሚካል ያልነካው የገበሬ ቡና ነው፤ ለምን አስፈለገ? ምርመራውስ ከማበጠሪያው በፊት ይሠራ ወይስ ጆንያ ከተሞላ በኋላ? ኤልሲው ላይ ልጠንቀቅበት የሚገባ ነገር ካለም ንገሩኝ።

ጥራት ክፍል፦
ወንድሜ፣ ገዢው የሚጠይቅህ ስላላመነህ አይደለም። ጃፓን እ.ኤ.አ. ከሜይ 2006 ጀምሮ የራሱ ገደብ ያልወጣለት ማንኛውም ፀረ ተባይ ከ0.01 ፒፒኤም እንዳይበልጥ ትጠይቃለች፤ በኪሎ 0.01 ሚሊግራም ማለት ነው። በአንተ ጭነት ስናሰላው 19,200 ኪሎ ቡና ላይ የሚፈቀደው ጠቅላላ መጠን 0.192 ግራም ይሆናል። አንድ በፀረ ተባይ የተበከለ ጆንያ ይህን ሊያልፍ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2008 ሊንዴን፣ ሄፕታክሎርና ክሎርዴን የሚባሉ ፀረ ተባዮች በኢትዮጵያ ቡና ላይ ከገደብ በላይ ተገኝተው ወደ ጃፓን የሚሄደው ጭነት ክፉኛ አሽቆለቆለ። ገበሬው እነዚህን ቡና ላይ አይረጭም። ዋናው ጥርጣሬ ያረፈው ጆንያው ላይ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ እነዚህ ኬሚካሎች በቅባት ውስጥ ይሟሟሉ፣ ለዓመታትም አይጠፉም፤ ጥሬ አረቢካ ደግሞ 15 በመቶ ያህሉ ዘይት ነው። ከጆንያው ክር ወደ ፍሬው ይገባሉ፤ ከዚያ በኋላ ማናፈስም ማበጠርም አያወጣቸውም።

ስለዚህ ለኤክስፖርት የሚሞላበትን ጆንያ ብቻ አዲስ ማድረግ አይበቃም። ቡናው ከነገለፈቱ ከማጠቢያ ጣቢያ የመጣበት ጆንያም ዘርና ማዳበሪያ ያልነካው መሆን አለበት። ስትገዛ የአይጄኦ (የዓለም አቀፉ የጁት ድርጅት) 98/01 የምግብ ጆንያ መስፈርት የሚያሟላ፣ በአትክልት ዘይት የተሠራ ለምግብ የሚሆን ጆንያ ብለህ ጠይቅ። በማዕድን ዘይት የተሠራው ነዳጅ ነዳጅ የሚል ጣዕም ይሰጣል፣ ቅምሻ ላይም ይታወቃል።

መጋዘኑን በዓይንህ እይ። ጆንያው ፓሌት ላይ፣ ከግድግዳ ግማሽ ሜትር ያህል ርቆ ይደርደር። ለወባ የተረጨ ግድግዳ ላይ የተደገፈ ቡና አደጋ አለው። የጭነት መኪናው ከዚያ በፊት ምን እንደጫነ ሾፌሩን መጠየቅም አይከብድም።

ናሙና አውጪ፦
የምርመራውን ጊዜ በተመለከተ፣ ገንዘቡ ካለህ ሁለት ጊዜ አድርገው። የመጀመሪያው ከማበጠሪያው በፊት ነው፤ ችግር ካለ ሎቱን ለመተው ገና ጊዜ አለህ። ሁለተኛው ከተሞላ በኋላ ነው፤ ለገዢው የምትልከውም ይህንኑ ውጤት ነው። አንዱን ብቻ የምትችል ከሆነ ሁለተኛውን ምረጥ።

ከ320 ጆንያ ቢያንስ 10 በመቶው፣ ማለትም 32ቱ፣ ከየቁልሉ ከላይም ከመሃልም ከታችም ተመርጦ ይወጋ። ከእያንዳንዱ 50 ግራም ከወሰድክ 1.6 ኪሎ ይሆናል። በደንብ ቀላቅለህ ሦስት ቦታ ክፈለው፦ አንዱ ለላብራቶሪ፣ አንዱ ለገዢው፣ አንዱ ታሽጎና ተፈርሞበት አንተ ጋ ይቀመጥ።

ግን ውጤቱ ላይ ብቻ አትደገፍ። ከ320ው ሦስት ጆንያ ብቻ ተበክለው ቢሆን፣ 32ቱን ስትመርጥ ሦስቱንም የማታገኝበት ዕድል 73 በመቶ ገደማ ነው። ኮቤ ላይ የሚወጋው ደግሞ ሌላ ጆንያ ይሆናል። ከላይ ስለ ጆንያና መጋዘን የተጻፈው ከማንኛውም ወረቀት የሚበልጠው ለዚህ ነው።

ላብራቶሪውን ስትመርጥ «አይኤስኦ 17025 (የላብራቶሪ ብቃት ዕውቅና መስፈርት) አለን» የሚለው መልስ አይብቃህ። ሦስቱ ኬሚካሎች በዕውቅናው ዝርዝር ውስጥ መኖራቸውንና መሣሪያው ጃፓን ለእያንዳንዳቸው ከምትፈቅደው ገደብ በታች መለካት መቻሉን ጠይቅ። መሣሪያው ሊለካው የሚችለው ዝቅተኛ መጠን 0.05 ፒፒኤም ከሆነ «አልተገኘም» የሚለው ውጤት ለጃፓን ዋጋ የለውም።

ባንክና ሰነድ፦
ወደ ኤልሲው ልምጣ፤ ገንዘብ የሚታገተው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው። ብዛቱ «320 ጆንያ» ተብሎ ከተጻፈ በዩሲፒ 600 (ባንኮች ለኤልሲ የሚጠቀሙበት ዓለም አቀፍ ደንብ) አንቀጽ 30 የሚታወቀው የ5 በመቶ ልዩነት አይሠራም፤ በጥቅል ቁጥር ለተገለጸ ዕቃ አይፈቀድምና። አንድ ጆንያ ተቀዶ 319 ከጫናችሁ ባንኩ ሰነዱን ዲስክሪፓንሲ አለው፣ ማለትም ከኤልሲው ጋር አይገጥምም ይላል። በብዛትም በገንዘብም 5 በመቶ ሲደመር ሲቀነስ የሚል በግልጽ ይግባ።

የመጨረሻው የመጫኛ ቀን የሚቆጠረው ጅቡቲ መርከብ ላይ በተጫነበት ቀን እንጂ መኪናው ከሞጆ ደረቅ ወደብ በወጣበት አይደለም። ወደ ጃፓን የሚሄድ መርከብ ባብ ኤል መንደብን ማለፍ ባያስፈልገውም፣ በቀይ ባሕር መስመር የሚመጡ መርከቦች ሲዘገዩ ጅቡቲ ላይ ቦታ ይጠባል። ስለዚህ ቀኑን ሰፋ አድርጉት። ከተጫነ በኋላ ደግሞ ኤልሲው ሌላ ካላለ ሰነድ ለማቅረብ ያላችሁ 21 ቀን ነው።

«በጃፓን የተደረገ ምርመራ ውጤት» ወይም «ገዢው የፈረመበት ማረጋገጫ» የሚል የሰነድ ጥያቄ ካለ ኤልሲው እንዲሻሻል ጠይቁ፤ አለበለዚያ ክፍያው በገዢው እጅ ነው። አገር ቤት ከመጫኑ በፊት የወጣ የላብራቶሪ ውጤት ግን ይግባ፣ ችግር የለውም።

የይርጋለም ቡና፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እዚህ አልፎ እዚያ ቢወድቅስ?

ጥራት ክፍል፦
ወይ ይመለሳል ወይ ይወገዳል። ጥሰቱ ከተደጋገመ የጃፓን ጤና ሚኒስቴር የምርመራ ትእዛዝ ያወጣል፤ ያኔ ከአገራችን የሚገባ እያንዳንዱ ጭነት በአስመጪው ወጪ ይመረመራል፣ ውጤቱ እስኪወጣ ወደብ ላይ ይቆያል። የአንድ ላኪ ጆንያ የሁሉንም ላኪ ዋጋ ያወርዳል። ስለዚህ የትኛው ኬሚካል፣ በየትኛው ገደብ፣ አለመግባባት ቢመጣ የታሸገውን ናሙና የትኛው ሦስተኛ ላብራቶሪ እንደሚመረምር፣ የመመለሻውንና የወደብ ኪራዩን ማን እንደሚከፍል ከመፈረምህ በፊት ውሉ ውስጥ አስገባ። ኤፍኦቢ ስለሆነ ኃላፊነቱ ጅቡቲ ላይ ያበቃል ብለህ አትዘናጋ፤ ጉድለቱ ከመጫኑ በፊት የነበረ ከሆነ ገዢው ሊጠይቅህ ይችላል።

ናሙና አውጪ፦
እርጥበቱንም እንዳትረሳ፤ ከ11.5 በመቶ አይብለጥ። ጅቡቲ ሙቀት ላይ ተዘግቶ በጃፓን የብርድ ወራት ኮቤ የሚደርስ ኮንቴይነር ጣሪያው ያልበዋል፣ የላይኛው ረድፍ ይሻግታል። ወለሉና ግድግዳው በክራፍት (ወፍራም ቡናማ) ወረቀት ይሸፈን፣ እርጥበት መጣጭ ከረጢት ይንጠልጠል። ሕይወት ያለው ነቀዝ ከተገኘ የጃፓን የዕፅዋት ኳራንታይን የፀረ ተባይ ጭስ ያስገባበታል፣ ወጪውም ስለሚጨመር ከመጫንህ በፊት ባዶውን ኮንቴይነር በባትሪ መብራት ጥግ ጥጉን ፈትሽ።