ልጄ ክፍሉን ቆልፎ አላናግርም ብሏል፤ በሩን ልስበረው?

የኪቶ አባት፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ልጄ ከምሳ ሰዓት ጀምሮ ከውስጥ ቆልፏል። ባንኳኳም ዝም። እናቱ አዲስ አበባ ናት። እንዲህ ያለ ንቀት አይቼ አላውቅም። በሩን ልስበረው?

አባ ቡና፦ ዋይፋዩን ያጥፉት፣ በአምስት ደቂቃ ራሱ ይወጣል 😄

ሂርማታ፦ ዕድሜው ስንት ነው? ምን ተፈጥሮ ነው?

የኪቶ አባት፦ 15። ውጤቱ ዝቅ ብሎ መጣ፣ አጎቶቹ ባሉበት ተቆጣሁት። ሌላ ምንም የለም። ሙዚቃ ከፍቶ ይሰማኛል።

ጡረተኛው መምህር፦ እኛ ስናድግ አባት ከተቆጣ አንገት ይደፋ ነበር። በር መቆለፍ ቀርቶ ለብቻ የሚሆን ክፍልስ ማን ነበረው? የዛሬ ወላጅ ልጁን ፈርቶ ያድራል። ሥርዓት ከቤት ይጀምራል።

ፈረንጅ አራዳ፦ መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አልስማማም። ጋሼ፣ ይሄ ንቀት ሳይሆን እፍረት ነው። በ15 ዓመት በዘመድ ፊት መዋረድ ያንገበግባል። ስሜትን የሚገታው የፊተኛው የአንጎል ክፍል እስከ 20ዎቹ አጋማሽ በስሎ አያልቅም። አሁን ሊያስረዳዎ ቢፈልግ እንኳን ቃሉ አይመጣለትም።

አባ ቡና፦ ዋይፋዩን ብያለሁ!

ነርሷ፦ ዋይፋዩን አይንኩ። ሙዚቃው ከቆመ ደህንነቱን በምን ያውቃሉ? ጋሼ፣ በሩ ላይ ሆነው ረጋ ብለው፣ «በአጎቶችህ ፊት መቆጣቴ እንዳስከፋህ ገብቶኛል። ስለ ውጤቱ ዛሬ አናወራም» ይበሉት። «ለምን» ብለው አይጠይቁ። ቀጥለው ራሱን ለመጉዳት አስቦ እንደሆነ በግልጽ ይጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርበትም። አዎ ካለ፣ ወይም ድምፁ ከጠፋና ካልመለሰ፣ ያኔ በሩን ይስበሩ። ብቻውን አይተዉት፤ ወዲያው ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። የአእምሮ ሕክምናም እዚያው አለ።

የጅሬን እናት፦ ነርሷ ልክ ናት። እኔ የምጨምረው፣ ነገ ሶፋ ላይ አስቀምጠው አይመርምሩት። በእግር ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ይዘውት ይውጡ። ዳገቱ ላይ ጎን ለጎን ስለምትሄዱ ዓይን ለዓይን አትተያዩም። የእኔዋ ያወራችኝ እንዲያ ስንሄድ ነው። ብቻ እሱ ሲናገር መሐል አይግቡበት።

የኪቶ አባት፦ ጠየቅሁት፤ «አይ፣ እንደሱ አላሰብኩም» አለኝ። አሁን ወጥቶ ሽንት ቤት ገባ። ምን ልበለው?

ነርሷ፦ ተመስገን። ስለ ውጤቱ ምንም አይበሉ። መንገዱ ላይ አይቁሙበት፣ ራት እንደደረሰ ብቻ ይንገሩት። አጎቶቹ አሁንም ቤት ካሉ ቀድመው ይሸኟቸው።