ሰው ላመጣ 100 ብር፤ ኮምፕላያንስ (የሕግና መመሪያ ተቆጣጣሪው ክፍል) የቱ ጋ ይይዘናል?

የቦርከናው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ አንድ ባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ የደንበኞች አገልግሎት ላይ ነኝ። ሥራ አስኪያጃችን «አዲስ ሒሳብ የሚከፍት ሰው ላመጣ 100 ብር» ሊያስጀምር ነው። ያየው ኢንዱስትሪ ፓርክ ያሉትን ልጆች ነው፤ ደመወዛቸው ሌላ ባንክ ነው የሚገባው። ወሬው ገና ከመውጣቱ አንድ ባጃጅ ነጂ የሦስት አራት ሴቶች መታወቂያ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ። «ክፈትላቸው፣ ፊርማውን እኔ አመጣለሁ» ይላል። አለቃዬን ሳማክረው «ሁሉም ባንክ ያደርገዋል» አለኝ። ለዲስትሪክት (የቅርንጫፎች የበላይ ቢሮ) ልጽፍ ነው፤ ምን ምን ላንሳ?

ቧንቧ ውኃ፦
አብሽር ወንድሜ፣ ሽልማቱ ራሱ ነውር የለበትም። ነገሩ ያለው ባጃጁ ላይ ነው። የደንበኛን ማንነት ማረጋገጥ በሕግ የባንኩ ግዴታ ነው፤ ለመንገደኛ አይሰጥም። ልጅቷ ራሷ ትምጣ። ያመጣት ሰው ሥራው በሩ ላይ ያበቃል፤ ፎርም አይሞላላትም፣ መታወቂያዋን አይዝም፣ የሚስጥር ቁጥር አያወጣላትም። ይቺን የመጨረሻዋን አጥብቀህ ጻፋት። በሰው ስም ተከፍቶ ኤቲኤም ካርዱ ሌላ ኪስ የገባ ሒሳብ ነው ኋላ የአጭበርባሪ ገንዘብ ማሳለፊያ የሚሆነው።

ደግሞ ማንም የማያስበው አለ። ሽልማቱን «500 ብር ስታስገባ» ብላችሁ ካሰራችሁት ሰውየው ጠዋት ማታ መስኮትህ ላይ ነው። «ዘሀራ አስገባች ወይ?» «አዎ» ካልከው የደንበኛ ምስጢር አወጣህ። «ገና ናት» ብትለውም ያው ነው! ስለዚህ ያመጣትን ሰው ኮድ (ማን እንዳመጣት የሚለይ ቁጥር) እሷ ራሷ ትጻፍ፤ ሽልማት ሲከፈለው ሒሳብ መክፈቷን እንደሚያውቅም ፎርሙ ላይ በአማርኛ ተነግሯት ትፈርም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ፈቃድ ቀልድ አይደለም። ክፍያው ለሁሉም በወር አንድ ቀን ይሁን፣ መስኮት ላይ መልስ የለም በሉ።

ሸዋ በር፦
አለቃህ ኋላ «100 ብሩ ቀርቶ ባጃጅ በዕጣ እናውጣ» እንዳይል ብቻ። ዕጣ ከሆነ የሎተሪ ፈቃድ ይፈልጋል። ከወለድ ነፃ ሒሳቡን ደግሞ የሸሪዓ አማካሪዎቹን ሳትጠይቁ እንዳትነኩት፤ ወሎ ነው ያለኸው።

የቦርከናው፦
አላህ ይስጥልኝ። ለሠራተኛውም ኮድ ይሰጣል ተብሏል፣ እሱስ?

ቧንቧ ውኃ፦
እሱን ተቃወም። ሒሳብ የሚያጸድቅ ሰው ባጸደቀ ቁጥር ሽልማት ከበላ ማን ሊያጣራ ነው? የግድ ከተሰጣችሁም በፔሮል (በደመወዝ መክፈያው) ይግባ፤ የሞባይል ካርድም ቢሆን ከሥራ የተገኘ ጥቅም ስለሆነ ግብር አለበት። ፎቶዎቹን ግን ዛሬውኑ ከስልክህ አጥፋ፣ ባጃጅ ነጂውንም ሴቶቹን ይዞ እንዲመጣ ንገረው። ፕሮግራሙ ከጸደቀ መቶ መቶ ብሩን ያገኛል።