የመንፈቀ ዓመት መዝጊያ ደብዳቤያችን ለማን ነው የሚጻፈው?

ጠያቂ፦ የሦስተኛ ክፍል መምህርት

ጤና ይስጥልኝ። በማስተምርበት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በየመንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ ለወላጆች የሚላከውን የዜና ደብዳቤ የማዘጋጀት ኃላፊነት ዘንድሮ ለእኔ ተሰጥቷል። ያለፈውን ደብዳቤ አውጥቼ ሳየው አራት ገጽ ሆኖ አገኘሁት። የመጀመሪያው ገጽ ተኩል በርዕሰ መምህሩ መልእክት ተይዟል፤ ቀጥሎ ከየክፍሉ ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጡ ልጆች ስም ከነፎቶግራፋቸው ተደርድሯል፤ ትምህርት የሚከፈትበትን ቀን የሚናገረው መስመር ግን በመጨረሻው ገጽ ግርጌ፣ ከጠፉ ሹራቦች ማስታወቂያ በታች ተወሽቋል። ደብዳቤው በተላከ ማግስት ከሃያ በላይ ወላጆች ትምህርት መቼ እንደሚጀመር ደውለው መጠየቃቸው አያስደንቅም።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። ካርድ በተሰጠበት ቀን ከክፍሌ ልጆች አንዷ ደብዳቤውን ይዛ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመች። ጣቷን በስሞቹ ላይ ከላይ እስከ ታች እየጎተተች አነበበችና ገጹን ገልብጣ ጀርባውን አየች። ከዚያ ምንም ሳትናገር አጥፋ ወደ ቦርሳዋ ከተተችው። ይህች ልጅ በመንፈቁ መጀመሪያ አንዲት አጭር አንቀጽ ለመጨረስ ትቸገር ነበር፤ አሁን በእረፍት ሰዓት ለአንደኛ ክፍል ልጆች ተረት ታነባለች። በአራቱ ገጽ ውስጥ ለዚህ የሚሆን አንድም መስመር አልነበረም።

የደረጃውን ዝርዝር ላስቀረው አስቤ ለባልደረቦቼ ባነሳ፣ ወላጆች ቅር ይላቸዋል፣ ልጆቹም መትጋት ያቆማሉ አሉኝ። በዚህ ሥራ ያለፋችሁ ወይም ደብዳቤው የሚደርሳችሁ ወላጆች ምን ይግባበት፣ ምን ይውጣ ትላላችሁ?

መልስ፦ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር

መምህርት፣ ያንን ገጽ ተኩል የጻፍኩት እኔ ባልሆንም ብዙ የሚመሳሰሉትን ጽፌያለሁና ትዝብትዎ ደርሶኛል። ርዕሰ መምህር መልእክቱን የሚጽፈው በአብዛኛው ለበላይ አካል ነው፤ ወላጅ የሚያነበው በአጋጣሚ ነው። ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። የመክፈቻውን ቀን፣ የመግቢያውን ሰዓትና ልጁ ይዞት መምጣት ያለበትን ነገር ከሁሉም በላይ ያስቀምጡ፤ ከሰላምታውም ቢቀድም ማንም አይቀየምዎትም።

ወደ ደረጃው ስንመጣ፣ አርባ ተማሪ ባለበት ክፍል ሦስት ስም ሲወጣ ሠላሳ ሰባቱ ቤተሰብ ስለ ልጁ አንድም ነገር ያልተጻፈበት ደብዳቤ ይደርሰዋል። በዚያ ላይ ደረጃ ልጁ የተማረውን አይለካም። አማካይ ውጤቱ ከ62 ወደ 78 ያደገ ልጅ፣ ጓደኞቹም አብረውት ካደጉ፣ 19ኛ እንደነበረ 19ኛ ሊቀር ይችላል፤ እቤት ሲደርስም ምንም እንዳልሠራ ይቆጠርበታል። ሩት በትለር የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት በእስራኤል የሚገኙ የ5ኛና የ6ኛ ክፍል ተማሪዎችን ከፍለው አንዳንዶቹን በነጥብ ብቻ፣ አንዳንዶቹን በጽሑፍ አስተያየት ብቻ፣ ሌሎቹን በሁለቱም መለሱላቸው። አስተያየት ብቻ ያገኙት ለሥራው የነበራቸው ፍላጎት ከሌሎቹ የበለጠ ሆኖ ተገኘ፤ ነጥብም አስተያየትም የተሰጣቸው ግን ነጥብ ብቻ ከተሰጣቸው እምብዛም አልተሻሉም። ጥናቱ ስለ ክፍል ሥራ እንጂ ለሕዝብ ስለሚለጠፍ የስም ዝርዝር አለመሆኑን አልዘነጋሁም፤ ቢሆንም ቁጥር ባለበት ወረቀት ላይ ዓይን ቁጥሩ ላይ ብቻ እንደሚያርፍ በሠላሳ ዓመት አገልግሎቴ ደጋግሜ አይቻለሁ።

መልስ፦ አንድ አባት

በበኩሌ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ልጄ ከእኩዮቹ አንጻር የት እንዳለ ማወቅ መብቴ ይመስለኛል፤ «ጎበዝ ነው፣ ይበርታ» የሚል አስተያየት ብቻ ሲመጣልኝ ምን እንደምረዳበት ግራ ይገባኛል። ደረጃው በእያንዳንዱ ልጅ ካርድ ላይ ለወላጁ ብቻ ይጻፍና ከደብዳቤው ይውጣ ከተባለ ግን ተቃውሞ የለኝም። አስተያየት የምትጽፉ መምህራንም «ባለሁለት አኃዝ ማባዛት ይችላል፣ ማካፈል ላይ ቀሪው ያደናግረዋል» ብላችሁ ብትጽፉልን፣ በእረፍቱ ከየት እንደምንጀምር እናውቅ ነበር።

መልስ፦ የሁለት ልጆች እናት

እኔ ደብዳቤውን የማነበው በስልክ፣ ብዙ ጊዜም ቆሜ ነው። አራት ገጽ ፒዲኤፍ ሲላክልኝ «ማታ አነበዋለሁ» እላለሁ፤ ማታው ግን አይመጣም። ስለዚህ ዋናው ነገር በቴሌግራም መልእክቱ ላይ በጽሑፍ ቢቀመጥና ስማርት ስልክ ለሌላቸው ወላጆች ደግሞ ያው ገጽ ታትሞ በልጆቹ እጅ ቢላክ መልካም ነው።

ከዚህ በተረፈ ልጆቹ የተማሩትን ቁልጭ አድርጋችሁ ንገሩን። ልጄን «ትምህርት እንዴት ነበር?» ስላት ከ«ደህና» ሌላ አልሰማም ነበር። አንድ ጊዜ ግን የክፍሏ መምህር የባንዲራውን ምሰሶ ጥላ በጠዋት፣ በቀትርና በማታ እየለኩ እንደከረሙ በሁለት መስመር ጻፉልን። «ጥላው መቼ ነበር የሚያጥረው?» ብዬ ስጠይቃት ማንኪያዋን አስቀምጣ ተነሳች፤ በቆመችበት እጇን ፀሐይ፣ ብርጭቆውን ምሰሶ አድርጋ እራቱ እስኪቀዘቅዝ አስረዳችኝ። እንዲህ ያሉ ሁለት መስመሮች ከየክፍሉ ቢመጡ ከየትኛውም የሽልማት ዜና ይልቅ ለእኔ ይጠቅሙኛል።

መልስ፦ የትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ

ስለ ፎቶግራፉ ማንም ስላላነሳ ልጨምር። የልጅ ፊት፣ ሙሉ ስም፣ ክፍልና የትምህርት ቤት ስም አንድ ላይ ሆነው በቡድን መልእክት ከወጡ በኋላ የት እንደሚደርሱ መቆጣጠር አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1989 በተባበሩት መንግሥታት የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 16 የልጅን የግል ሕይወት ይጠብቃል፤ በአንቀጽ 12 ደግሞ ልጁ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡ እንዲደመጥ ይደነግጋል። በሥራዬ እንዳየሁት አድራሻቸው እንዳይታወቅ የሚፈለግ ልጆች አሉ፤ ምክንያቱን ደግሞ ደብዳቤውን የሚያዘጋጀው ሰው ላያውቅ ይችላል። የወላጅን ፈቃድ በምዝገባ ጊዜ በጽሑፍ መቀበል፣ ልጁንም መጠየቅ፣ በተቻለ መጠን ፊትን ትቶ ሥራውን፣ ማለትም ሥዕሉን፣ የሠራውን ሞዴል፣ ሥራውን የያዘበትን እጅ ማንሳት ይሻላል። የሚለቅ መምህር ካለም ስንብቱ ይጻፍ፤ የለቀቀበት ምክንያት ግን የእሱ ጉዳይ ነው።

ሹራቦቹን በተመለከተ ማስታወቂያ መጻፉን ትተን ክምሩን በፎቶ አንስተን ላክን። በሦስተኛው ቀን የቀረው አንድ ነጠላ ጓንት ብቻ ነበር።

መልስ፦ የሒሳብ መምህር

አባትየው ስለ እረፍቱ ያነሱት ነጥብ እንዳይታለፍ። ሃሪስ ኩፐርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት የ39 ጥናቶች ግምገማ፣ ተማሪዎች ከረጅሙ የክረምት እረፍት ሲመለሱ በአማካይ የአንድ ወር ያህል ትምህርት ወደኋላ ቀርተው መገኘታቸውን፣ ጉዳቱም በሒሳብ እንደሚብስ ጽፈዋል። በመጠኑ ላይ ዛሬም ክርክር አለ፤ የመንፈቅ ዓመት እረፍትም አጭር ነው። ይህን የማነሳው ስልሳ ጥያቄ ያለበት ጥራዝ ይላክ ለማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለው ጥራዝ በእረፍቱ የመጨረሻ ሌሊት በታላቅ ወንድም እጅ እንደሚሞላ ከጽሕፈቱ አውቃለሁ። በቀን አሥር ደቂቃ ጮክ ብሎ ማንበብና ወላጅ ሒሳብ ሲደምር ልጁን አብሮ ማስደመር ይበቃል፤ ይህም በደብዳቤው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ረቂቁ አሁን አንድ ገጽ ነው። የመክፈቻው ቀን በመጀመሪያው መስመር ላይ ተቀምጧል፤ ከየክፍሉ ሁለት ሁለት መስመር እየመጣልኝ ነው፤ ደረጃው በካርድ ላይ ብቻ እንዲቀር ርዕሰ መምህሩ ተስማምተዋል፤ ለመልእክታቸው የተሰጠው ቦታ ግን ገና እያከራከረን ነው።

ልጅቷን ደግሞ እናቷን ካስፈቀድኩ በኋላ ስሟ በደብዳቤው እንዲወጣ ትፈልግ እንደሆነ ጠየቅኋት። ጥቂት አሰበችና ስሟ ባይጻፍም ግድ እንደሌላት፣ ያነበበቻቸው ተረቶች ብዛት ግን እንዲጻፍ ነገረችኝ። አሥራ አራት ናቸው።