አባዬን አዲስ የስካን ጥናት ውስጥ ግባ ብለውታል፣ ይግባ?

ሰብሊ_ለንደን፦
ሰላም ወገኖች፣ አባዬ ሬክታል (የፊንጢጣ) ካንሰር አለብህ ከተባለ ወሩ ነው። ጉበቱና ሳንባው ጋ ደርሶ እንደሆነ ለማየት ሲቲ ስካንና የዳሌ ኤምአርአይ ቀጠሮ ያዙለት፣ ከዛ ነርሷ መጥታ ሙሉ ሰውነት በአንዴ የሚያነሳ ኤምአርአይ እየሞከርን ነው ትገባለህ ወይ አለችው። ያስተረጎምኩት እኔው ነኝ። «የሙከራ አይጥ ሊያደርጉኝ ነው» ብሎ ተቆጣ። ህክምናው አይዘገይበትም? ጨረሩስ?

ራጅ_ቤት፦
እህቴ እኔ ስካን ክፍል ነው የምሰራው። ኤምአርአይ ማግኔት ነው፣ ጨረር ያለው ሲቲና ፔት የሚባለው ሌላ ስካን ላይ ነው። አዲሱ ለምን እንደሚሞከር ልንገርሽ፣ አሁን ሰው ሲቲ ይነሳል፣ ጉበቱ ላይ ያልለየ ነጥብ ከታየ ሌላ ስካን ይጨመራል፣ ደግሞ ሌላ፣ እንዲህ እያለ ቀኑ ይሄዳል። ስትሪምላይን የሚባል ጥናት እዚሁ እንግሊዝ 16 ሆስፒታል ተሰርቶ በ2019 ወጥቷል፣ 299 የአንጀት ካንሰር ታማሚዎችን በሁለቱም መንገድ አነሷቸው። ስርጭቱን በማግኘት አዲሱ 67 የተለመደው 63 ከመቶ፣ ብዙም አይበላለጡም፣ ግን ምርመራው በ13 ቀን ፋንታ በ8 ቀን አለቀ፣ ወጪውም ቀነሰ።

ኪዳን፦
ከሶስት አንዱን ስቶ ነው እንዴ አዲስ ቴክኖሎጂ የምትሉት?

ራጅ_ቤት፦
ሲቲውም ይስታል እኮ ወንድሜ። ንፍፊት (ሊምፍ ኖድ) ላይማ የባሰ ነው፣ በመጠን ብቻ ካየሃት ትንሿ ካንሰር ይዛ ትልቋ ንጹህ ትሆናለች። ሆላንድ ናይሜኸን ከተማ ለዚህ ደቃቅ የብረት ቅንጣት በደም ስር ሰጥተው በማግስቱ ኤምአርአይ ያነሳሉ፣ ጤነኛዋ ብረቱን ውጣ ትጠቁራለች፣ የታመመችው ነጣ ብላ ትቀራለች። እሱም ገና እየተጠና ነው።

የማሙሽ_እናት፦
ልጄ ባለቤቴ እንዲህ ያለ ጥናት ገብቶ ነበር። ማሽኑ ጠባብ ነው፣ ጩኸቱ ወፍጮ ቤት ነው የሚመስለው፣ ሌላ ምንም አልሆነም። አንድ ነገር ግን ጠይቂ፣ የጥናቱን ውጤት ሐኪማቸው ያየዋል ወይ? መቼ?

ራጅ_ቤት፦
ትክክል። ስትሪምላይን ላይ ሐኪሞቹ መጀመሪያ በተለመደው ምርመራ ወስነው ነው አዲሱ የተከፈተላቸው። ሰብሊ፣ አባትሽ ሰውነታቸው ውስጥ ብረት አለ? ፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ)፣ የጥይት ፍንጣሪ?

ሰብሊ_ለንደን፦
ውይይ! ጉልበቱ ላይ ከጦርነቱ የቀረ ፍንጣሪ አለ፣ ፎርሙ ላይ «የለም» ብሎ ነው ያስሞላኝ!!

ራጅ_ቤት፦
ጥናቱ ይቅርና የተለመደው የዳሌ ኤምአርአይም ከመድረሱ በፊት ነገ ደውለሽ ንገሪያቸው። በራጅ አይተው ነው የሚወስኑት፣ ብዙ ጊዜ ችግር የለውም ግን ሳያውቁ አያስገቧቸው።