ባለ 30 ቁልፍ ኮንሰርቲናን በሚዲ መሥራት፦ ወናፉን ብገፋውም «ተስቧል» ይለኛል

ጥያቄ፦ ባለወናፉ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለዚህ ቤት። አጎቴ ከውጭ ያመጣልኝ ባለ 30 ቁልፍ ኮንሰርቲና አለኝ፤ አንግሎ የሚባለው ዓይነት። ላላየው፣ ከአኮርዲዮን የሚያንስ፣ ጫፍና ጫፉ ባለ ስድስት ማዕዘን፣ መሐሉ ወናፍ የሆነ መሣሪያ ነው። አንዱ ቁልፍ ወናፉ ሲገፋ አንድ ኖታ ይሰጣል፣ ሲሳብ ደግሞ ሌላ። አንዳንዶቹ የብረት ምላሶች ዝገው ድምፅ አይሰጡም፤ የሚያስተካክል ሰውም እዚህ አላገኘሁም። ፈትቼ ላበላሸው አልፈልግም። ስለዚህ የቁልፍ አቀማመጡን ብቻ ወስጄ፣ ምላስ የሌለው፣ ኖታውን በሚዲ (የሙዚቃ መሣሪያና ኮምፒውተር ኖታን በቁጥር የሚለዋወጡበት ቋንቋ) ወደ ስልክ ወይም ወደ ኮምፒውተር የሚልክ ሌላ አካል ልሠራለት ጀምሬያለሁ። ማታ ጎረቤት ሳልረብሽ በጆሮ ማዳመጫ ልለማመድበት፣ ሲሆንም በአገራችን ቅኝት ልጫወትበት።

ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ (ኮድ የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ)፣ ቢኤምፒ280 የአየር ግፊት ሴንሰርና ከአሮጌ ዕቃ የፈታኋቸው ቁልፎች አሉኝ። ወናፉን በካርቶንና በለፋ የበግ ቆዳ ሠራሁት፣ ጠብ የሚል አየር የለውም። አሁን የያዘኝ ይኼ ነው፦ ብገፋም ብስብም ኮዱ የሚያነበው «ተስቧል» ብሎ ነው። ኮዱን ያገኘሁት ከኢንተርኔት ሲሆን መነሻ ግፊቱ 1013 ተብሎ ተጽፏል። በዚያ ላይ ሦስት ቁልፍ አብሬ ስጫን ያልነካሁት አራተኛ ኖታ ይጮኻል። ወናፉም ራሱ ድርቅ ብሎ አልንቀሳቀስ ብሏል። ሴንሰሩ ተበላሽቶ ይሆን? ሌላ ልግዛ?

መልስ፦ የፊዚክስ መምህር (ደብረ ሲና)

አትግዛ፣ ሴንሰሩ ደህና ነው። 1013 ሄክቶፓስካል በባሕር ወለል ላይ ያለ አማካይ ግፊት ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትርን ያለፈ ከፍታ ላይ ስለሆነች ያንተ አየር 720 አካባቢ ነው የሚውለው። ኮዱ ወናፍህ ውስጥ 718 አንብቦ ከ1013 ጋር ሲያስተያየው «ይኼ ሰውዬ በኃይል እየሳበ ነው» ብሎ ደመደመ። በክንድ ጉልበት የምትጨምረው ጥቂት ሄክቶፓስካል ሆኖ ሳለ ልዩነቱ ወደ ሦስት መቶ ከሆነ፣ ብትገፋ ምን ይለወጣል?

1013ን አንስተህ 718 ጻፍበት የሚልህ ቢመጣ እንዳትሰማው። ግፊት በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ ጠዋትና ከሰዓት ይለያያል፤ መሣሪያውን ይዘህ ሸዋ ሮቢት ብትወርድ ደግሞ 870 ገደማ ታነባለህ። ሁለተኛ ቢኤምፒ280 ከወናፉ ውጭ አስቀምጥና የውስጡን ከውጭው ቀንስ። ውጤቱ ከዜሮ በላይ ከሆነ ገፍተሃል፣ ከዜሮ በታች ከሆነ ስበሃል፤ ከፍታውም የአየሩ ጠባይም ራሳቸው ይጣፋሉ። ሴንሰሩ ሁለት አድራሻ ስላለው የአንዱን የአድራሻ እግር ከመሬት፣ የሌላውን ከ3.3 ቮልት ካሰርክ ሁለቱም በአንድ መስመር ይነበባሉ። ሁለት ሴንሰሮች ዝም ብለው ተቀምጠውም ትንሽ ስለሚለያዩ፣ መሣሪያው ሲበራ ወናፉን ሳትነካ የመጀመሪያዎቹን ንባቦች አማካይ ወስዶ ያንን ዜሮ ይበለው።

መልስ፦ ሬዲዮ ጠጋኝ (አንኮበር)

ልጄ፣ አራተኛው ኖታ የዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ጉዳይ ነው። ቁልፎቹን በረድፍና በዓምድ አጣምረህ አስረሃቸዋል አይደል? እንግዲያው የአንድ አራት ማዕዘን ሦስት ጥግ ሲጫን ኤሌክትሪኩ በጓሮ ዞሮ አራተኛው ጥግ ጋ ይደርሳል፤ ፒኮው ያም የተጫነ ይመስለዋል። ለእያንዳንዱ ቁልፍ አንድ 1ኤን4148 ዳዮድ በተከታታይ አስገባ። ጥቁሩ ቀለበት ሁሉም ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ይዙር፤ አንዷ እንኳ ከተገለበጠች ያ ቁልፍ ዝም ይላል። ዳዮዱ ርካሽ ነው፣ ከተጣለ የሙዚቃ ኪቦርድ ቦርድ ላይም ተነቅሎ ይገኛል።

ሳትጠይቀኝ አንድ ልጨምር። ግማሹ ቁልፍ በግራ፣ ግማሹ በቀኝ ስለሆነ ሽቦ በወናፉ ሆድ ውስጥ ማለፉ አይቀርም፤ ቀድሞ የሚበጠሰውም እሱ ነው። የአንዱን ጎን 15 ቁልፍ 3 በ5 ብታደርገው ስምንት ሽቦ ነው። ፒኮው በሌለበት ጎን ቁልፎቹን አንብቦ ለፒኮው የሚነግረውን ኤምሲፒ23017 የሚባል ቺፕ ካስቀመጥክ ግን አራት ሽቦ ይበቃል፦ ኃይል፣ መሬት፣ ሁለት የመረጃ። ባለ አንድ ዘንግ ሽቦ አታስገባ፣ ባለ ብዙ ክር ይሁን፤ እንደ ድሮ ስልክ ገመድ አጠቅልለህ ተወው።

የወናፍ መሣሪያ ከወደድክማ አኮርዲዮንንም ስማበት። ኃይሉ መርጊያ እኮ የከተማህ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው።

መልስ፦ ቆዳ ሠሪ (መሐል ሜዳ)

ወናፉ የደረቀው በደንብ ስለሠራኸው ነው። በእውነተኛው ኮንሰርቲና ቁልፍ ስትጫን ውስጥ ያለው ክዳን ይነሣና አየሩ በምላሱ በኩል ያልፋል። ያንተ ምላስም ክዳንም የለውም፤ አየሩ የት ይሂድ? በእያንዳንዱ ጎን ትንሽ ቀዳዳ ብሳና የምትጠብቅና የምትላላ ቡሎን አድርግበት። ሰፊ ከሆነች ግፊት አይጠራቀምም፣ ድምፁም ይሞታል፤ ከጠበበች ክንድህን ያደክምሃል። በጠባቧ ጀምረህ እያላላህ ሂድ። ጉዳቱ አንድ ነው፦ ቁልፍ ሳትነካም ወናፉ ቀስ እያለ ይከፈታል ይዘጋል፤ እሱን እጅህ ይለምደዋል። ዋናው መሣሪያ በቀኝ አውራ ጣት የሚጫን የአየር ቁልፍ አለው፣ እሱን አታስቀር፤ ወናፉን ያለ ድምፅ የምትሰበስበው በሱ ነው።

መልስ፦ የሶፍትዌር ተማሪ (ደብረ ብርሃን)

ወናፍ ባይኖረውስ? ሁለቱን ጎን በጠንካራ ነገር አያይዞ መሐላቸው የክብደት ሴንሰር ማድረግም ይቻላል። የክብደት ሴንሰሩን ለማንበብ ኤችኤክስ711 የሚባለውን ቺፕ ከተጠቀምክ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 10 ንባብ ላይ ተስተካክሎ ነው የሚመጣው፣ ለሙዚቃ ይዘገያል፤ 80 ላይ አድርገው። እኔ ግን ወናፉን ባትተወው እመርጣለሁ፣ ካልተንቀሳቀሰ ኮንሰርቲና የመጫወት ጣዕሙ የለም።

ኮዱን በተመለከተ፣ ቁልፍ ተጭነህ እንደያዝክ አቅጣጫ ስትቀይር የድሮው ኖታ መጥፋት፣ የአዲሱ መነሣት አለበት። ለእያንዳንዱ ቁልፍ መጨረሻ የላከውን ኖታ መዝግብና ስታጠፋ የተመዘገበውን አጥፋ። ከሰንጠረዡ እንደገና አስልተህ ካጠፋህ አቅጣጫው መሐል ላይ ሲቀየር ሌላ ኖታ ታጠፋና የበፊቱ እየጮኸ ይቀራል። ዜሮ አካባቢ ደግሞ እንደ መግፋትም እንደ መሳብም የማይቆጠር ጠባብ ክልል ተውለት፤ አለበለዚያ እጅህ ባረፈ ቁጥር በመግፋትና በመሳብ መሐል ይንቀጠቀጣል።

የድምፁን ጉልበት በኖታው የመነሻ ኃይል አትወስነው፣ እሱን 100 ላይ አቁመው። ግፊቱን ከ0 እስከ 127 ለውጠህ ኤክስፕሬሽን በሚባለው 11ኛ ኮንትሮል ላከው፤ ቁጥሩ ሲለወጥ ብቻ ላክ፣ ያለዚያ መስመሩን ታጨናንቃለህ። የመሐለኛው ረድፍ በዶ እና ሶል አንግሎ ላይ በሚዲ የኖታ ቁጥር (60 መሐለኛው ዶ ነው) እንዲህ ነው፦ ግራ እጅ ሲገፋ 48፣ 55፣ 60፣ 64፣ 67፤ ሲሳብ 55፣ 59፣ 62፣ 65፣ 69። ቀኝ እጅ ሲገፋ 72፣ 76፣ 79፣ 84፣ 88፤ ሲሳብ 71፣ 74፣ 77፣ 81፣ 83። የቀሩትን ረድፎች ከመሣሪያህ አንድ በአንድ እየነፋህ ጻፍ፤ የላይኛው ረድፍ እንደ ሠሪው ይለያያል።

ባለወናፉ (ጠያቂው)

መምህር፣ ሁለተኛ ሴንሰር ከጓደኛ ተውሼ አስገባሁና መግፋትና መሳቡ ወዲያው ተለየ። ጋሼ፣ ዳዮዶቹን እየበየድኩ ነው፤ አራቱን ሽቦ እንዳሉኝ አደርጋለሁ። ቀዳዳውም ተበሳ። አሁን የቀረኝ ቅኝቱ ነው። ትዝታን በዚህ አቀማመጥ ስጫወት ፋ እና ሲ መሐል እየገቡ ያስቸግሩኛል። እንዴት ላቀናጀው?

መልስ፦ ክራር ተጫዋች (እነዋሪ)

ወንድሜ፣ ቅኝታችን አምስት ድምፅ ነው። በአንድ ቁልፍ ሁለት ድምፅ ስትደረድር ለአንድ ኦክታቭ ሁለት ተኩል ቁልፍ ይሆንና ኦክታቭ በተሻገርክ ቁጥር ጣትህ ይጠፋበታል። ለኦክታቭ ሦስት ቁልፍ ስጥ፤ ስድስት ቦታ ስላለህ አራተኛው ድምፅ ሁለቴ ይግባ። የመጀመሪያው ቁልፍ ሲገፋ 1ኛ፣ ሲሳብ 2ኛ፤ ቀጣዩ 3ኛ እና 4ኛ፤ ሦስተኛው 4ኛ እና 5ኛ። በሙሉ ትዝታ ዶ/ሬ፣ ሚ/ሶል፣ ሶል/ላ ይሆናል። አምባሰል ስትፈልግ ያው ጣት፣ ያው ቁልፍ ሆኖ ዶ/ሬ ፍላት፣ ፋ/ሶል፣ ሶል/ላ ፍላት። አንቺሆዬ ደግሞ ዶ/ሬ ፍላት፣ ፋ/ሶል ፍላት፣ ሶል ፍላት/ላ። ሶል በሁለቱም አቅጣጫ መገኘቱ ይጠቅምሃል፣ ወናፉ ሲያልቅብህ አቅጣጫ የምትቀይርበት ድምፅ ነው።

የአንግሎውን አቀማመጥ ግን አትሰርዘው። በአንዲት ማብሪያ ማጥፊያ ወደሱ መመለስ ቻል፤ የተማርከው ጣት እንዳይባክን።

የኛን ድምፅ በፒያኖ ልክ ማስገባት ካላረካህ ፒች ቤንድ (ኖታውን በጥቂቱ ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርግ የሚዲ መልእክት) አለ። መሐሉ 8192 ነው፤ ወሰኑ ሁለት ግማሽ ድምፅ ከሆነ አንድ ሴንት (የግማሽ ድምፅ አንድ መቶኛ) ወደ 41 ይመጣል። አንድ ቻናል ላይ ያሉትን ኖታዎች ሁሉ አብሮ ስለሚያጎብጥ ዝቅ የሚለውን ድምፅ የራሱ ቻናል ስጠው። ስንት ሴንት ብለህ ግን እኔን አትጠይቀኝ፤ ማሲንቆ የሚጫወት ሰው አጠገብህ አስቀምጥና በጆሮህ አስተካክለው።

ባለወናፉ (ጠያቂው)

እግዜር ይስጥልኝ። አንዲት የመጨረሻ ጥያቄ፦ በብሉቱዝ ስፒከር ስሞክረው ድምፁ ከጣቴ ኋላ ይመጣል። ፒኮው ነው የሚዘገየው?

መልስ፦ የሶፍትዌር ተማሪ (ደብረ ብርሃን)

ፒኮው አይደለም፣ ብሉቱዙ ነው። ብዙውን ጊዜ ከመቶ ሚሊ ሰከንድ በላይ ያዘገያል፣ በኮድ የምታስተካክለው ነገርም የለም። በገመድ ስማ። ኮምፒውተር ላይ ሚዲውን ወደ ድምፅ የሚለውጠው ፍሉይድሲንዝ የሚባል ፕሮግራም ነፃ ነው፤ የድምፅ ቋቱን 128 ናሙና ላይ ብታደርገው በ48 ኪሎ ኸርዝ ቋቱ ራሱ ሦስት ሚሊ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ድምፁ መቆራረጥ ከጀመረ 256 አድርገው።