ጀልባዬ ገላን ግቢ ውስጥ ልትከርም ነው፤ የፊቱ በር ለምን አልዘጋም አለ?

የላንጋኖ ደንበኛ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ያስቃል፤ ጎረቤቶቼ እንደሆነ ጠግበው ስቀዋል። ገላን ግቢ አለኝ፣ ግቢው ውስጥ ደግሞ ጀልባ አለች። ስድስት ሜትር የምትሆን ያገለገለች ፋይበር ናት። ከፊት ትንሽ ክፍል፣ ከኋላ 40 ፈረስ ጉልበት ሞተር አላት። ሻጩ እንዳለኝ ሁሉም ተደምሮ ወደ 1200 ኪሎ ትመዝናለች። ላንጋኖ ዳር የነበራት ቦታ ስለቀረ እስከ መስከረም እዚሁ ትክረም ብዬ አመጣኋት። ያመጣኋት በሰው ተጎታች ነበር፤ በማግስቱ መልሻለሁ።

አቋቋሟን ልንገራችሁ። ከሆዷ ሥር በአራት ቦታ ሁለት ሁለት ብሎኬት አለ። ግራና ቀኝ ደግሞ ሁለት ሁለት የባሕር ዛፍ ቋሚ በሰያፍ ደግፈናታል። መሬቱ ዋልካ ነው። ሸራ አልብሻት ገመዱን ከቋሚዎቹ ጋር አስሬዋለሁ። እንዲህ ሆና ሦስት ሳምንት ቆየች። ሰኔ ገባና ሁለት ቀን ደህና አድርጎ ዘነበ። ትናንት የፊተኛውን ክፍል በር ስከፍተው ገትሮ ያዘኝ። ታግዬ ከፈትኩት፤ አሁን ደግሞ አልዘጋም ብሏል። በሩ ፋይበር ስለሆነ እርጥበት አሳበጠው ማለት አልችልም። ላንጋኖ እያለች በአንድ ጣት ነበር የሚዘጋው። ጠርዙን ልሞርደው ወይስ ሌላ ጣጣ አለ? የተደሰተው ዘበኛችን ብቻ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ከሥሯ ገብቶ ቡናውን ያፈላል።

ቀልደኛው፦
ደረቅ ወደብ ሞጆ ብቻ መስሎኝ ነበር። ገላንም ተከፈተ?

የሀዋሳ ልጅ፦
ምን ያስጨንቅሃል ወንድሜ። እኛ ጋ አሞራ ገደል ሰዉ ጀልባውን ይገለብጥና ሁለት ግንድ ላይ ያስተኛል። ውሃም አይገባባት፣ ድጋፍም አትፈልግ።

የላንጋኖ ደንበኛ፦
አመሰግናለሁ። ግን መሪውና ሞተሩስ? ስድስት ሰው ተረዳድቶ እንኳ የሚገለብጣት አይመስለኝም።

የምጽዋው፦
የሀዋሳው ልጅ ያለው ለመቅዘፊያ ጀልባ ልክ ነው፤ ለዚች አይሆንም።

ልጄ፣ ከሁሉ በፊት ያን ዘበኛ ከሥሯ አስወጣው። የቀረውን ኋላ ታነበዋለህ። ቡናውን ሌላ ቦታ ያፍላ። የግቢው ልጆችም እንዳይጠጉ ገመድ ዙርባት። ብሎኬት ከመድቀቁ በፊት አያቃስትም፣ አይጎብጥም። ውስጡ ባዶ ነው፤ ለግድግዳ ተብሎ የተሠራ ነገር ጠባብ ቦታ ላይ ሲጫኑት በአንድ አፍታ ዱቄት ይሆናል። እንጨት ሲደክም ይጮኻል፣ ይሰነጠቃል፣ ለሰው ጊዜ ይሰጣል። ሲሚንቶ ይህ ጠባይ የለውም።

በሩን ደግሞ እንዳትነካው፤ በሩ ጤነኛ ነው። የተጣመመችው ጀልባዋ ናት። ውሃ ላይ ስትሆን ውሃው ሆዷን በሙሉ እኩል ይሸከማታል፤ አንተ ግን በስምንት ነጥብ ላይ አስቀምጠሃታል። አንዱ ነጥብ ሲሰምጥ ጭነቱ ወደ ሌሎቹ ይዞራል፤ ፋይበሩም እንደ እርጥብ ፎጣ ይጠመዘዛል። በሩ ቀድሞ ነገረህ እንጂ ቀጥሎ የሚናገረው የሆዷ ስንጥቅ ነበር።

እስከ 1982 ዓ.ም. ምጽዋ ባሕር ኃይል ነበርኩ። ትንንሾቹን ጀልባዎች ለጥገና ወደ የብስ ስንጎትት አለቆቻችን የሚጮኹብን በአንድ ነገር ነበር፤ ክብደቱ በኪሉ ላይ ይረፍ። ኪል የምለው ከአፍንጫዋ እስከ ኋላዋ በሆዷ መሃል የሚሄደውን አከርካሪ ነው። የጎን ድጋፍ ሥራው እንዳትወድቅ መያዝ ብቻ ነው። ጎኖቹ ሸክም መያዝ ከጀመሩ አንድ ቦታ ተበላሽቷል ማለት ነው።

የላንጋኖ ደንበኛ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዘበኛው ወጥቷል፤ ትንሽ አኩርፏል። አሁን በክሪክ ከፍ አድርጌ ብሎኬቱን በእንጨት ልተካው?

የምጽዋው፦
በእርጥብ ዋልካ ላይ ክሪክ? አይሆንም። ጀልባዋ ስትነሳ ክሪኩ ወደ መሬት ይገባል፤ ያኔ ማን ይይዛታል? ያን ተጎታች መልሰህ ለምነው። ስትጎትቷት እጃችሁም እግራችሁም ከሥሯ እንዳይገባ። ተጎታቹ ላይ ሆና ትጠብቅህ፤ አንተ በእርጋታ ሥራ። ያለ ተጎታች ግድ ከሆነም አንዱን ድጋፍ ሳታነሳ አዲሱን ከጎኑ አቁም። ሁለት ድጋፍ ባንድ ጊዜ አይነካም፤ ብትቸኩልም አይነካም።

በያጅ ነኝ፣ ቱሉ ዲምቱ፦
ብረቱን እኔ ልንገርህ። ለጎን ድጋፉ አሮጌ ፑንቴሎ ግዛ፤ ካቲካላ አይደለም፣ የኮንስትራክሽኑን፣ አርማታ ሲሞላ ከሥር የሚደግፈውን ብረት ማለቴ ነው። የላይኛው ቪቴው፣ እየዞረ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ባለ ጥርስ ብረት፣ አሪፍ ነው። አጭር አድርገህ ቁረጠውና ከታች ሦስት እግር በቱቦላሬ በይድለት። አናቱ ላይ ላሜራ፣ ላሜራው ላይ ጣውላ፣ ጣውላው ላይ የምንጣፍ ቁራጭ ይሁን። ላሜራው እንደ አንገት መታጠፍ አለበት፤ የጀልባ ሆድ ሰያፍ ስለሆነ ድጋፉ ሙሉ ፊቱን ካላሳረፈ በጠርዙ ይወጋዋል። ከመነዳሪ ጎማ ግን አታድርግበት፤ ነጭ ቀለም ላይ ጥቁር ይለቅቃል። በየጎኑ ሦስት፣ በጠቅላላ ስድስት ይበቃሃል።

የምጽዋው፦
በያጁ ጥሩ ብሏል፤ ሦስት ነገር ልጨምር። ትይዩ የቆሙትን ግራና ቀኝ ድጋፎች ከኪሉ በታች በሰንሰለት እሰራቸው። የሰያፍ ሆድ ክብደት ድጋፉን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ መሬቱ ደግሞ ሲረጥብ ያንሸራትታል። ሁለቱ ከተሳሰሩ አንዱ የሌላውን ግፊት ይይዛል።

ሁለተኛ፣ ቦታውን በዓይን ብቻ አትምረጥ። ሆዷን በጣትህ ወይም በእንጨት መዶሻ ቀስ እያልክ አንኳኳ። ውስጥ ግድግዳ ወይም ማጠናከሪያ ያለበት ደፈን ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ባዶው እንደ ከበሮ ይጮኻል። ድጋፉ ደፈን ባለው ላይ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ቪቴውን በቁልፍ እንዳታጠብቀው። በእጅህ አዙረህ ሆዷን ሲነካ ትንሽ ጨምረህ ተው። ሆዷን ከኋላ ሆነህ በጎን እየው፤ በድጋፉ ዙሪያ ገባ ያለ ጥላ ካየህ አጥብቀሃል፣ መልሰው። ቪቴውም እስከ ጫፉ ተስቦ አይቁም፤ ብዙው ጥርስ ውስጡ ይቅር።

የአፈር መሐንዲስ፦
ስለ ብረቱ ብዙ ተባለ፤ እኔ ወደ መሬቱ ልውረድ። ገላንና አቃቂ አካባቢ በብዛት ያለው ጥቁር አፈር በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ በክረምት ያብጣል። ክፋቱ እኩል አለማበጡ ነው። ከሸራው ላይ ውሃ የሚፈስበት ጠርዝ ሲያብጥና ሲላላ፣ ከሥሯ ያለው ደረቅ ቦታ ገና እንደቆመ ነው። ስድስት ለየብቻ የቆመ ድጋፍ ስድስት የተለያየ ዕጣ አለው። በያጁ ያለው ለኮንክሪት ወለል ጥሩ ነው፤ ለዚህ ግቢ አልመክርም።

ዋልካ እንዳይንቀሳቀስ ማድረግ ውድ ነው። እንቅስቃሴው አንድ ላይ እንዲሆን ማድረግ ግን ይቻላል። ስለዚህ አልጋ አሠራ። ሁለት ረጅም ቱቦላሬ በቁመት፣ ሦስት በአግድም፣ የጎን ድጋፎቹም ከኪሉ ሥር የሚገቡት የእንጨት ጉማጆችም ከዚሁ ክፈፍ ጋር የተያያዙ ይሁኑ። አንዱ ጥግ ቢሰምጥ ጀልባዋ ከአልጋዋ ጋር ታዘነብላለች እንጂ አትጠመዘዝም።

በያጅ ነኝ፣ ቱሉ ዲምቱ፦
ዋጋው ግን እጥፍ ይመጣል፤ ይህን ሳትነግረው።

የአፈር መሐንዲስ፦
ይመጣል። የተሰነጠቀ ፋይበር ማስጠገንም ነፃ አይደለም።

ለመሬቱ፦ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረህ ጠጠር አትሙላ። ብዙ ሰው ይህን ያደርጋል፤ ዋልካ ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ ግን ገንዳ ነው፣ የክረምቱን ውሃ ይሰበስብልሃል። ሣሩንና የላዩን ልል አፈር ብቻ ገፍተህ ገረጋንቲ በስስ በስሱ እየደለደልክ ጠቅጥቅ፤ ከአካባቢው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ይበል። ዙሪያውን ወደ መንገዱ የሚወርድ ቦይ አውጣ። ስስ ሊሾ እንዳታስብ፤ በአንድ ክረምት ይሰነጣጠቃል። ከአልጋው ጥጎች ሥር ሰፋ ያለ ወፍራም ጣውላ አንጥፍ። ጭቃ ላይ በታኮ ጫማና በቦት መሄድ ልዩነቱን ታውቀዋለህ።

የኪሉ ጉማጅ ደግሞ የደረቀ ጠንካራ እንጨት ይሁን፤ በመስቀለኛ ደርድረው። ትናንት የተቆረጠ ባሕር ዛፍ እየደረቀ ይሸማቀቃል፣ ይሰነጠቃል፤ አንተ ሳታውቅ ጀልባህ ወደ ጎን ድጋፉ ትወርዳለች።

የቢሾፍቱ፦
ሁላችሁም ውሃውን ረሳችሁት! ሸራው ከቋሚዎቹ ጋር ታስሯል አላለም? በመጀመሪያው ነፋስ ሸራው ቋሚውን ነቅሎ ይወስደዋል። እኔ ራሴ አይቼዋለሁ፤ ጀልባዋ በአንድ ጎኗ ተኝታ አደረች። ገመዱን ከሆዷ ሥር አሳልፈህ ከራሱ ጋር እሰረው፣ ወይም ለየት ያለ ካስማ ትከልለት። መሃሉን በእንጨት እንደ ጣሪያ አቁመው፤ ውሃ ካቆረ ይቀደዳል።

ደግሞ ከሆዷ በስተኋላ ያለውን የውሃ መውጫ ታፖ ፍታው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። ያንተ ጀልባ የላይ ስፋቷ ወደ 10 ካሬ ይሆናል። ሸራው ተቀዶ የ40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከገባባት 400 ሊትር፣ ማለት 400 ኪሎ ነው። በሐምሌ ወር አዲስ አበባ ላይ ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ይወርዳል። የ1200 ኪሎ ጀልባ ብለህ የሠራኸው አልጋ ምን እንደሚሸከም አስበው። አፍንጫዋን ከኋላዋ ትንሽ ከፍ አድርጋት፣ የገባው ሁሉ በታፖው ቀዳዳ ይውጣ።

ሞተሩንስ? ከቻልክ አውርደህ ቀጥ አድርገህ ስቀለው። ወደ መቶ ኪሎ የሚጠጋ ነገር ድጋፍ የሌለው ጅራቷ ላይ ሦስት ወር አይንጠልጠል።

የላንጋኖ ደንበኛ፦
ሁላችሁም ኑሩልኝ። የደረስኩበትን ልንገራችሁ። የተጎታቹ ባለቤት ሁለት ቀን ፈቀደልኝ፤ ሁለቱ ቀን አምስት ሆነ፣ ተቀይሞኛል። የገረመኝ ይህ ነው፦ ጀልባዋ ተጎታቹ ላይ እንደወጣች በሩ በአንድ ጣት ተዘጋ። ሞርጄው ቢሆን ኖሮ ምን እሆን ነበር? ከብሎኬቶቹ ሁለቱ ስናነሳቸው እጃችን ላይ ፈረሱ።

አልጋው ተሠራ። የቱሉ ዲምቱው በያጅ ራሱ መጥቶ በየደው፣ ዋጋም ቀንሶልኛል። ሰንሰለት፣ ቦይ፣ ገረጋንቲ ሁሉም አለ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ በየስንት ጊዜው ልይ?

የምጽዋው፦
በሳምንት አንዴ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ ደግሞ በነጋታው። በእጅህ እያንዳንዱን ድጋፍ ነቅነቅ አድርገው፤ የላላ ካለ ለምን እንደላላ ሳታውቅ አታጥብቀው። ከአልጋው ጥግ እስከ ጥግ ሲባጎ ወጥረህ በውሃ ልክ ለካ። ወደ ላይ ስትወጣም መሰላሉን ጀልባዋ ላይ እሰር እንጂ ድጋፉ ላይ አታስደግፍ።

የላንጋኖ ደንበኛ፦
ሐምሌ አጋማሽ ነው። ትናንት ለካሁ። በቦዩ በኩል ያለው ጥግ አንድ ሴንቲ ተኩል ወርዷል። አልጋው በሙሉ ወደዚያ ዘንበል ብሏል፤ በሩ ግን እንደዚያው በአንድ ጣት ነው። ዝቅ ባለው ጥግ ሥር ጣውላ ልጨምር ወይስ ልተወው?

የአፈር መሐንዲስ፦
ተወው። ሦስት ሴንቲ ካለፈ ንገረን። ቦዩ ተደፍኖ እንደሆነ ግን ዛሬውኑ እየው።

የላንጋኖ ደንበኛ፦
ተደፍኖ ነበር፤ የቡና አተላ። ዘበኛው አሁን የራሱ ቆርቆሮ ዳስ አለው፣ ከቦዩ አጠገብ።

የምጽዋው፦
ታፖውስ የት ነው ያለው?

የላንጋኖ ደንበኛ፦
ከሞተሩ ቁልፍ ጋር ታስሮ ቤት ውስጥ ተንጠልጥሏል ጋሼ።

የምጽዋው፦
ጎበዝ። እንዳትረሳው ብዬ ነው፤ ምጽዋ ላይ ሳይገጥሙት ወደ ውሃ የሰደዱ አውቃለሁ። አንዱ እኔ ነኝ።